ያገለገለ የውሃ ሞተር እንዴት ይገዛል፣ እንዴትስ ይያዛል?

በሰሜን ሸዋ ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ ጀውሃና አጣዬ፣ በምንጃርም የሽንኩርት ማሳዎች አካባቢ፣ መስኖ ሲጀመር ያገለገለ የውሃ ሞተር የሚያፈላልግ ሰው ይበዛል። አዲሱን ለመግዛት አቅም ላነሰው ገበሬ ያገለገለው መልካም አማራጭ ነው። ችግሩ ብዙ ገዢ ገመዱ ተስቦ ሞተሩ ሲነሣና ድምፁ ሲያምር ወዲያውኑ ገንዘብ መቁጠሩ ነው። ሞተሩ ደህና ሆኖ ፓምፑ የተበላ፣ ሁለቱም ደህና ሆነው ለገዢው ማሳ የማይመጥኑ ዕቃዎች በየገበያው አሉ። ስለዚህ አጥብቄ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩ ከእርስዎ የውሃ ጥልቀት ስቦ፣ እርስዎ ወደሚፈልጉት ከፍታ ሲገፋ በዓይንዎ ሳያዩ አይክፈሉ።

1. ከገበያ በፊት ቦታውን ይለኩ

ሁለት ቁጥር ያስፈልግዎታል። አንደኛው ከውሃው ፊት እስከ ሞተሩ መቀመጫ ያለው ከፍታ ነው፤ ሁለተኛው ከሞተሩ እስከ ማሳው ከፍተኛ ጫፍ ያለው። ድንጋይ የታሰረበት ገመድና አንድ ሜትር ይበቃል። የሚለኩት ግን ወንዙ ሞልቶ ሳለ በጥቅምት ሳይሆን በሚያዝያ በሚጎድልበት ልክ ነው፤ ሽንኩርቱ ውሃ የሚጠማው ያን ጊዜ ነውና።

የመጀመሪያው ቁጥር ከሁሉም የበለጠ ወሳኝ ነው። ፓምፑ ከመሳቢያ ቱቦው አየሩን ሲያወጣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በወንዙ ላይ የተጫነው የአየር ክብደት ነው። ያ ክብደት በባሕር ወለል ላይ ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያህል ያነሣል፤ ወደ ደጋ በተወጣ ቁጥር ግን ይቀንሳል። ከ1,200 ሜትር በላይ በምትገኘው ሸዋ ሮቢት 9 ሜትር አይሞላም። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ደግሞ 7 ሜትር ከምናምን ነው። ይህም በስሌት ብቻ የሚገኝ ነው። የቱቦው ፍትጊያና የወንፊቱ ጥበት ሲቀነስ፣ በሮቢት ወንዝ ዳር ከ6 ሜትር፣ በደብረ ብርሃን በበረሳ ዳር ደግሞ ከ4 እስከ 5 ሜትር በላይ እንዲስብ ባይጠብቁ ይሻላል። መመሪያው ላይ «8 ሜትር ይስባል» የሚል ቢያነቡ፣ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ እንደሆነ ያስታውሱ።

ከፍታው የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። የትንንሽ ቤንዚን ሞተሮች መመሪያ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ኃይል እንደሚጠፋ ይናገራል። 6.5 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ደብረ ብርሃን ሲደርስ ሲሶው ያህል ከእጁ ወጥቷል ማለት ነው። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ስለዚህ ይጨሳል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ደጋ ላይ ለሚሠራ ሞተር የካርቡሬተሩን የነዳጅ ቀዳዳ በጠበበ ማስቀየር ብልህነት ነው። ያው ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድ ግን የቀድሞው ካልተመለሰለት ነዳጅ አንሶት ይግላል።

እዚህ ላይ ስለ ጉድጓድ ሳልናገር አላልፍም። ውሃው ሲርቅ አንዳንዶች የቤንዚን ሞተሩን ራሱን ወደ ጉድጓዱ ያወርዱታል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀምና ሞተሩን ለማስነሣት ወይም ለማጥፋት የወረደውን ሰው ሳይታወቀው ይጥለዋል። እሱን ለማውጣት የሚወርደው ወንድም ወይም ጎረቤት ይከተለዋል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ጋዙ ይቆያል። የጉድጓዱ ውሃ ከመሳቢያው አቅም በታች ከሆነ የቤንዚን ሞተር ለዚያ ቦታ አይሆንም፤ ውሃ ውስጥ የሚገባ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ወይም ሌላ ዘዴ ይፈለግ። በዚህ ጉዳይ ላይ «ለአምስት ደቂቃ ብቻ» የሚባል ነገር የለም።

2. ዓይነቱንና ጊዜውን ይምረጡ

ለአንድና ሁለት ጥማድ ባለ 2 ኢንች ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ማሳ ለጎረቤት የሚያጠጡ ከሆነ ባለ 3 ኢንች ይመልከቱ። በገበያው የሚበዙት በሆንዳ ጂ ኤክስ 160 ቅርጽ የተሠሩ፣ 168 ኤፍ የሚባሉት የቻይና ሞተሮች ናቸው። የሆንዳ ስም የተለጠፈበት ሁሉ ሆንዳ አይደለም፤ ለስሙ ተጨማሪ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ይፈልጉ። የተለመደው ዓይነት ትልቁ ጥቅሙ መለዋወጫው በየወረዳው ከተማ መገኘቱ ነው። እንግዳ ሞተር በርካሽ ገዝቶ ለአንዲት ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) መርካቶ ድረስ መመላለስ፣ ማሳው ውሃ እየጠማው፣ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ከተቻለ በሰኔ ይግዙ። ያን ጊዜ ሞተሩን የሚያስቀምጥና ለማዳበሪያ ገንዘብ የሚፈልግ ሻጭ አይጠፋም፤ በኅዳር ግን ሁሉም ፈላጊ ነው። ሆኖም በክረምት ውሃው ቅርብ ስለሚሆን ደካማ ፓምፕም ጀግና ይመስላል። ሲፈትኑት ሞተሩን ከዳር ወደ ላይ አርቀው፣ በለኩት ከፍታ ልክ ያስቀምጡት።

3. ሳይነሣ ይመርምሩት

ሲደርሱ የሲሊንደሩን ብረት በእጅዎ ጀርባ ይቅረቡት። ትኩስ ከሆነ አስቀድሞ ተነሥቷል፤ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ብዙ ሕመም የሚታየው ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ነው።

የዘይት ክዳኑን ይክፈቱ። ጥቁር ዘይት ብዙ አያስፈራም፤ ወተት የመሰለ ዘይት ግን ውሃ መግባቱን፣ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ያለበት ደግሞ ብረት መበላቱን ይናገራል። ከዚያ ገመዱን በዝግታ ይሳቡት። አንድ ቦታ ላይ ጠንክሮ ሊይዝዎ ይገባል። ያለ ምንም ተቃውሞ የሚመጣ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ቫልቩ አልቋል።

ካንዴላውን ያስፈቱ። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ጥሩ ነው። በዘይት የራሰ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እያሳለፈ ነው። ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ደግሞ የአየር ፊልትሮውን ይመልከቱ፤ ሞተሩ ደጋ ላይ ሲሠራ የከረመ ከሆነ በዚህ ብቻ አይፍረዱበት።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋው ክፍል ይመጣል። የፓምፑን ፊት የያዙትን ቡሎኖች ሻጩ እንዲፈታ ይጠይቁ። ውስጥ ያለው ውሃ ገፊ ክንፍ ጠርዙ ሙሉ ነው ወይስ ተልጦ ሳስቷል? የሮቢና የጀውሃ ወንዞች አሸዋ ይህን ክንፍ እንደ ሞረድ ይበላዋል። በክንፉና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢጮህ ውሃው መልሶ ይንሸራተታል። በፓምፑና በሞተሩ መጋጠሚያ ሥር የውሃ መስመር ወይም ዝገት ካለ፣ ውሃ እንዳያልፍ የሚያግደው መካኒካል ሲል ተቃጥሏል። ይህ ይቀየራል፤ ዋጋው ከሽያጩ ላይ ይቀነስ።

አንድ ሽቦም ይፈልጉ። እነዚህ ሞተሮች ብዙዎቹ ዘይት ሲያንስ ራሳቸውን የሚያጠፉበት መቆጣጠሪያ አላቸው። ሞተሩ በዘመመ መሬት ላይ ሲቀመጥ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይሸሽና ይጠፋል፤ ባለቤቱም «አስቸገረኝ» ብሎ ሽቦውን ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ሽቦ ያለው ሞተር ያለ ዘይት ሠርቶ ሊሆን ስለሚችል የዘይቱንና የገመዱን ፍተሻ በእጥፍ ጥንቃቄ ይድገሙት።

4. ውሃ ሲያወጣ ይፈትኑት

ከማስነሣት በፊት የፓምፑን ሆድ በውሃ ይሙሉ። ሻጩ ሳይሞላ ሊያስነሣ ከተነሣ ያስቁሙት፤ ደረቅ ሆኖ የሚሽከረከር ፓምፕ መካኒካል ሲሉን በአጭር ጊዜ ያቃጥለዋል።

ሲነሣ ጭሱን ይዩ። ሰማያዊ ጭስ ካላቆመ ዘይት እየነደደ ነው። ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛት ነው፤ በብዙ ጊዜ በፊልትሮና በካርቡሬተር ጽዳት ይስተካከላል። በደጋው ብርድ ማለዳ ለጥቂት ጊዜ የሚታይ ነጭ እንፋሎት ምንም አይደለም።

ከዚያ ባለ 200 ሊትር በርሜል ማሳው ጫፍ በሚሆን ከፍታ ላይ ያስቀምጡና ሰዓት ይያዙ። ደህና ባለ 2 ኢንች ፓምፕ ምንም ከፍታ ሳይኖር በደቂቃ 600 ሊትር ያህል ይሰጣል፤ ከፍታው ሲጨመር ይቀንሳል። እኔ በርሜሉ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ከሞላ ደስ ይለኛል፤ ደቂቃ ካለፈ ምክንያቱን ሳላገኝ አልገዛም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አየር ነው። በሚወጣው ውሃ ውስጥ አረፋ ከታየ የመሳቢያ ቱቦው የሆነ ቦታ ላይ አየር ይስባል። በየመጋጠሚያው ላይ እርጥብ ጭቃ ይለጥፉ፤ ሲለጥፉ ውሃው የሚበረታበት ቦታ ቀዳዳው እዚያ ነው። ፋሸታውን (የቱቦውን ማሰሪያ) ማጥበቅ ወይም የካላማዳሪያ ቁራጭ መጠቅለል ይበቃ ይሆናል። ሞተሩን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ያሠሩት፤ አጥፍተው በትኩሱ ደግመው ያስነሡት። በትኩሱ የማይነሣ ሞተር ማሳ መሃል ያዋርዳል።

5. በውል ይግዙ

የውሃ ሞተር በቀላሉ የሚሰረቅ ዕቃ ነው። የሞተሩን ቁጥር በውሉ ላይ ያስጽፉ፣ ምስክሮች ይፈርሙ፣ የቀድሞ ደረሰኝ ካለ ይቀበሉ። ቱቦዎቹና ወንፊቱ አብረው እንደሚሸጡም ይጻፍ። ነዳጅ በጀሪካን ለመቅዳት ከቀበሌ ደብዳቤ የሚጠየቅበት ጊዜ ስላለ፣ ይኸው ውል በዚያም ይረዳዎታል።

6. አያያዙ

እንደገዙ ዘይቱን ይቀይሩ፤ የቀድሞውን ባለቤት ቃል አይጠብቁ። የ168 ዓይነት ሞተር 0.6 ሊትር ገደማ ይይዛል። በቆላው ሙቀት 30 ቁጥር፣ ቅዝቃዜ በሚበዛበት ደጋ ደግሞ 10 ደብሊዩ 30 ይስማማዋል። መመሪያው በየ100 ሰዓቱ ይቀየር ይላል። በቀን 6 ሰዓት ለሚያጠጣ ገበሬ 100 ሰዓት ማለት ሦስት ሳምንት የማይሞላ ጊዜ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ዘይት ቀይሮ ሞተሩ ለምን አለቀ ማለት ተገቢ አይደለም። ደረጃውን በየማለዳው፣ ሞተሩ ጠፍቶና በለጥ ያለ መሬት ላይ ቆሞ ይመልከቱ። ወንዙ ዳር ተዳፋት ከሆነ መቀመጫውን በአካፋ ያስተካክሉ፤ ይህን ሥራ የሚያህል ዋጋ ያለው ጥገና ጥቂት ነው።

የአየር ፊልትሮው ስፖንጅ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በንጹሕ ዘይት ተነክሮና ተጨምቆ ይመለስ። ከ50 ሰዓት አይለፍ፤ አቧራ በበዛበት ሰሞን ቶሎ ቶሎ ይደረግ። የካንዴላው ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከመንገድ ዳር የሚሸጥ ቤንዚን ነጭ ጋዝ ሊቀላቀልበት ይችላል፤ በጨርቅ ማጣራት ቆሻሻውን እንጂ ቅልቅሉን አያስወጣም፤ ማደያ ማግኘት ከቻሉ ከማደያ ይቅዱ። ትኩስ ሞተር ላይ ነዳጅ አይጨምሩ።

ወንፊቱ የወንዙን ወለል አይንካ። የተቀደደ ባልዲ ውስጥ አስገብተው ከአሸዋው ከፍ አድርገው በገመድ ያንጠልጥሉት፤ ሙሉ በሙሉ ግን ውሃ ውስጥ ይሁን። የመሳቢያው ቱቦ አጭርና ወፍራም ሽቦ ያለው ይሁን፤ መሃሉ ከፍ ብሎ ጉብታ ከሠራ አየር እዚያ ይታሰራል። ወንዙን ከሌሎች ጋር የሚጋሩ ከሆነ ተራውን ውሃውን ከሚያከፋፍለው የውሃ አባት ጋር ሳይስማሙ ሞተር አያስነሡ፤ ከላይ የሚስበው ሰው ከታች ያለውን ማሳ ያደርቃል።

7. ክረምት ሲገባ

የፓምፑን ሆድ በንጹሕ ውሃ ያጥቡ፣ ከሥሩ ያለውን ቡሎን ፈትተው ያድርቁት። በደብረ ብርሃንና በመንዝ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ስለሚወርድ፣ በዚያ ሰሞን ለጥቂት ቀናት ቢያቆሙትም እንዲሁ ያድርጉ፤ ሆዱ ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሲሆን የአሉሚኒየሙን ቤት ሊሰነጥቀው ይችላል። ቤንዚኑን ከሰልባትዮው (ከነዳጅ ማጠራቀሚያው) እና ከካርቡሬተሩ ሳህን ያውርዱ፤ ያረጀ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ጠባቦቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ካንዴላውን ፈትተው አንድ ማንኪያ ዘይት ያስገቡ፣ ገመዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳቡ፣ ካንዴላውን መልሰው ገመዱ ጠንክሮ በሚይዝበት ቦታ ያቁሙት። ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ፣ ከእህል ርቆ፣ አየር በሚያገኝ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጥ።

በመስከረም መጨረሻ፣ ችግኙ ገና መደብ ላይ ሳለ፣ አዲስ ቤንዚን ሞልተው ወንዝ ዳር ያውጡትና የበርሜሉን ፈተና ይድገሙ። ባለፈው ዓመት የያዙት ሰዓት ካለዎት ልዩነቱ ክንፉ ምን ያህል እንደተበላ ይነግርዎታል፤ መለዋወጫውንም ገበያው ሳይጨናነቅ ለመግዛት ጊዜ ያገኛሉ።