ዝግመተ ለውጥና ዘፍጥረት፦ ሳይጣሉ ለመወያየት

ለውይይቱ ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ሁለቱ ይከራከራሉ፣ ሌላው ስልኩን ይነካካል። ቀጠሮውን አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም በር ላይ ያድርጉት።

ምድር ቤት ወርደው ድንቅነሽ ዘንድ 20 ደቂቃ ይቁሙ። የሚታየው ቅጂ መሆኑን፣ ዋናው አጥንት ተቆልፎበት እንደሚቀመጥ ቀድመው ይናገሩ፤ በኋላ የሰማ ሰው «ድሮም ውሸት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ከዚያ ዳሌዋን ያሳዩ፦ አጭርና ሰፊ ነው። የጭኗም አጥንት ወደ ጉልበቷ ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። በሁለት እግር ትሄድ እንደነበር የሚታወቀው በዚህ ነው።

3.2 ሚሊዮን ዓመቷ «በካርቦን ተለካ» የሚል አይጠፋም። ስህተት ነው። የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ ፈርሶ የሚያልቅበት ጊዜ፣ 5,730 ዓመት ስለሆነ ከ50,000 ዓመት ወዲያ ለመለካት የሚበቃ አይተርፍም። የእሷ ዕድሜ የወጣው እሷ ከተገኘችበት ከአፋር ሐዳር የእሳተ ገሞራ አመድ፣ በውስጡ የተጠራቀመውን የአርጎን ጋዝ በመለካት ነው።

ወደ አራት ኪሎ ወርደው ሻይ እየጠጡ ለእያንዳንዱ ብጣሽ ወረቀት ያድሉ። «ዝግመተ ለውጥ» ሲል የትኛውን ትምህርት ማለቱ እንደሆነ ይጻፍ። ሥነ ሕይወት የሚያወራው ስለ ፍጥረታት የጋራ ምንጭና ስለ ተፈጥሮ ምርጫ ነው። የቋንቋ ሊቃውንትም ለግዕዝ፣ ለትግርኛና ለአማርኛ የዘር ዛፍ ይስላሉ፤ እዚያ ግን ቃል ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። «ጉልበተኛው ይተርፋል» እየተባለ የሚጠቀሰው ሐረግ ስለ ማኅበረሰብም የጻፈው የእንግሊዛዊው ፈላስፋ የስፔንሰር ነው፣ እ.ኤ.አ. 1864፤ ዳርዊን የተዋሰው ኋላ ነው። ትርጉሙም ቢሆን «ከአካባቢው የተስማማው» ቢባል ይሻላል። ጠቡ በብዛት የሚነሣው ከዚህ ነው፦ ስፔንሰርን ሊመታ የተነሣ ሰው ሥነ ሕይወትን ይመታል።

ለዘፍጥረት ምዕራፍ 1 አንድ ሙሉ ሰዓት ይተዉ። መክፈቻ ጥያቄው ይህ ይሁን፦ ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ነው፤ እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ በምን ተለኩ? የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ኦሪጀንና አውግስጢኖስ ከዳርዊን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀድመው ጠይቀውታል። ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ) የሚያውቅ ካለ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት የሚቆጠረውን 5500 ዓመት ያነሣል፤ ዓመተ ምሕረቱ ሲደመርበት ከ7,500 ብዙም አይርቅም። ከ3.2 ሚሊዮኑ ጎን ይጻፉት፣ አያለሳልሱት። «አንድም» እያሉ አዲስ ትርጓሜ መፍጠርም አይገባም፤ አንድምታ፣ የቤተ ክርስቲያኗ የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ ከመምህር የሚቀበሉት ነው።

ካቶሊኮች ካሉ እ.ኤ.አ. በ1950 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ስለ ሥጋ አመጣጥ መመርመርን እንደፈቀዱ፣ ነፍስን ግን እግዚአብሔር እንደሚፈጥር እንዳጸኑ ያስታውሱ። ከፕሮቴስታንቶች አንድ አቋም አይጠብቁ።

«ከአዳም በፊት ሞት ነበረ ወይ?» የሚለውን፣ ሞት በአንድ ሰው ኃጢአት ገባ የሚለውን ሮሜ ምዕራፍ 5ን፣ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት አይክፈቱ። ከሁሉ የከበደው እሱ ነው፤ ሌላ ቀጠሮ ይያዝለት።