ዘውድና ጎፈር ሲቆጠሩ፦ በዕድል ጨዋታ ስሌት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድን ሳንቲም ሁለት ጊዜ ብንወረውር ቢያንስ አንዴ ዘውድ የመውጣቱ ዕድል ስንት ነው? ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዳላምቤር እ.ኤ.አ. በ1754 በታተመው የፈረንሳይ ኢንሳይክሎፔዲያ ቅጽ ላይ መልሱ ከሦስት ሁለት መሆን አለበት ሲል ተከራክሯል። አስተሳሰቡ ላይ ላዩን ሲታይ እንከን የለውም፤ በመጀመሪያው ውርወራ ዘውድ ከወጣ ጨዋታው አበቃ፣ ካልወጣ ደግሞ በሁለተኛው ወይ ዘውድ ይወጣል ወይ ጎፈር፤ ስለዚህ ያሉት ውጤቶች ሦስት ሲሆኑ ሁለቱ ዘውድ ላለ ሰው ያደላሉ። ነገር ግን ሦስቱ ውጤቶች እኩል ክብደት የላቸውም። የመጀመሪያው ብቻውን ግማሹን ዕድል ሲይዝ፣ የቀሩት ሁለቱ ሩብ ሩብ ይካፈላሉ፤ ትክክለኛው መልስም ከአራት ሦስት ነው። ውጤቶችን በቁጥር ከማካፈል በፊት እኩል ዕድል ያላቸው መሆናቸውን አለማረጋገጥ ከስህተቶች ሁሉ የቀደመው ነው፤ ከዚህ በታች የሚመጡት አብዛኞቹም ከእሱ የተወለዱ ናቸው።

ይኸው ስህተት ተሸሽጎ ሲመጣ ለመለየት እጅግ ያስቸግራል። ሦስት ካርታዎች በከረጢት ውስጥ አሉ እንበል፤ አንዱ በሁለቱም ገጹ ቀይ፣ አንዱ በሁለቱም ገጹ ጥቁር፣ የቀረው ደግሞ በአንድ ገጹ ቀይ በሌላው ጥቁር ነው። ሳያዩ አንዱን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ከላይ የታየው ቀይ ሆነ። የተደበቀው ገጽም ቀይ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው? ብዙ ሰው ጥቁሩ ካርታ ከጨዋታው ስለወጣ የቀሩት ሁለት ናቸው፣ ስለዚህ ግማሽ በግማሽ ነው ይላል፤ እኔም መጀመሪያ ሲገጥመኝ የመለስሁት እንዲሁ ነበር። ዳሩ ግን ከላይ ሊታዩ የሚችሉት ቀይ ገጾች ሦስት ናቸው፤ ከእነዚህም ሁለቱ የሚገኙት በአንዱ ሙሉ ቀይ ካርታ ላይ ስለሆነ መልሱ ከሦስት ሁለት ነው። የሚቆጠረው ገጽ እንጂ ካርታ አይደለም። ያልተዋጠለት አንባቢ ሦስት ቁራጭ ወረቀት ቀልሞ 60 ጊዜ ይሞክረው፤ ቀይ በሚታይባቸው 30 ያህል ሙከራዎች ውስጥ ጀርባው 20 ጊዜ ገደማ ቀይ ይሆናል። የእንቆቅልሹን መሠረት ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ጆሴፍ በርትራንድ እ.ኤ.አ. በ1889 በሣጥኖችና በመሳቢያዎች መልክ አቅርቦታል። በነገራችን ላይ ይህ በየመንገዱ «ቀይዋን ያየ» እየተባለ ከሚጫወቱት ማጭበርበር ፈጽሞ የተለየ ነው፤ እዚያ የሚያታልለው እጅ ነው፣ እዚህ ግን ራሳችን ነን።

ዕድሎችን እንደ ዋጋ መደመርም ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። ባለ ስድስት ጎን ዳይስ አንድ ጊዜ ቢወረወር ስድስት የመውጣቱ ዕድል ከስድስት አንድ ስለሆነ፣ በአራት ውርወራ ከስድስት አራት ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው፣ በዚያው ሒሳብ በሰባት ውርወራ ከመቶ በመቶ በላይ ዕድል አለኝ ማለቱ ነው። ትክክለኛው መንገድ ስድስት ያለመውጣቱን ዕድል አባዝቶ ከአንድ መቀነስ ሲሆን፣ ይህም ለአራት ውርወራ 51.8 በመቶ ይሰጣል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ብሌዝ ፓስካል እ.ኤ.አ. በ1654 ለሙያ ባልደረባው ለፒየር ደ ፌርማ በጻፈው ደብዳቤ ሼቫልዬ ደ ሜሬ የተባለውን መኳንንት ያስቆጣው ነገር ይኸው እንደነበር ያወሳል፤ አራት ውርወራ ለአንዱ ዳይስ ስድስት ውጤቶች እንደሆነ፣ 24ም ለሁለቱ ዳይስ 36 ውጤቶች ነውና፣ በሁለት ዳይስ 24 ጊዜ ወርውሮ ጥንድ ስድስት በማግኘት ላይ መወራረድም ሊያተርፍ ይገባ ነበር። በስሌት ግን 49.1 በመቶ ብቻ ሆኖ ይገኛል። አንድ ውርወራ ተጨምሮ 25 ቢሆን ከግማሽ ያልፋል።

«ተራው ደርሷል» የሚለው እምነት የታወቀ ስለሆነ ብዙ አያስቆየንም። በሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ነሐሴ 18 ቀን 1913 እ.ኤ.አ. በሩሌት መንኮራኩር ላይ ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ ሲወጣ፣ ተጫዋቾቹ ቀይ መምጣቱ አይቀርም እያሉ ያስያዙትን ገንዘብ አጥተዋል። መንኮራኩሩ 37 ቦታዎች ሲኖሩት 18ቱ ጥቁር ናቸው፤ ከሃያ ስድስተኛው ዙር በኋላም የሚቀጥለው ጥቁር የመሆኑ ዕድል ከ37 ውስጥ 18 ነበር። የሚሳሳተው ሰው ገና ያልተጀመረ የ27 ዙር ተከታታይነትን ዕድል፣ 26ቱ አልቀው ከቀረው አንድ ዙር ዕድል ጋር ያምታታል።

የመጨረሻው በየቤቲንግ ቤቱ በር ላይ የሚሰማ ነው። ሁለቱ ውጤቶቹ እኩል ዕድል ያላቸው ጨዋታ ለእያንዳንዳቸው 1.85 ኦድ (ላሸነፈ ሰው ያስያዘው ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር) ቢሰጠው፣ በአንድ ጨዋታ ከተያዘ 100 ብር በአማካይ 92 ብር ከ50 ሳንቲም ይመለሳል። እንዲህ ያሉ ስምንት ጨዋታዎች በአንድ ቲኬት ሲጣመሩ ቅነሳው በየደረጃው ስለሚባዛ፣ አማካይ ተመላሹ ወደ 53 ብር ከ60 ሳንቲም ይወርዳል፤ ተጫዋቹ ግን የሚያየው የተባዛውን ኦድ ብቻ ነው። ሰባቱን አግኝቶ በስምንተኛው የተበላ ሰውም «በአንድ ጨዋታ ነው ያመለጠኝ» ብሎ ለማሸነፍ እንደተቃረበ ይቆጥረዋል። ይህን መሰሉ ቲኬት ሊያስተናግዳቸው ከሚችላቸው 256 እኩል ውጤቶች ውስጥ ስምንቱም የሚገኙት በአንዱ ብቻ ሲሆን፣ ልክ ሰባቱ የሚገኙት ግን በስምንት ነው፤ ስለዚህ በአንድ ጨዋታ መበላት ከማሸነፍ ስምንት እጥፍ የሚያጋጥም ተራ ነገር ነው።