ኑ ሻይ ጠጡ፦ ሰው በሻይ ብቻ መጋበዝ ይቻላል

ለሰው ስንደውል «ሻይ ቡና እንበል» እንላለን። በአነጋገራችን ሻይ ይቀድማል። ቤት ሲደረስ ግን ቡናው በወግ በወጉ ይፈላል፣ ሻዩ ደግሞ «ቡና የማይጠጣ አለ?» ተብሎ ከተጠየቀ በኋላ በችኮላ ይጣዳል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ሻይን ለብቻው፣ በራሱ ሰዓት፣ ሰው ጠርቶ ስለመጠጣት ነው።

ቡና እወዳለሁ፣ ይሄ ይታወቅልኝ። ግን ቡና የምታፈላው ሰው ጨዋታው ያልፋታል። እናቴ እንግዳ ሲመጣ ሁሌም ከረከቦቱ ኋላ ነበረች። ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ጀበናው ይጣዳል፣ አቦሉ ተጠጥቶ ሳያልቅ የቶናው ውሃ ይጨመራል፣ ከዚያ በረካ አለ፣ መሃል ላይ እጣኑ አለ፣ ሲኒ ማለቅለቁ አለ። ሳሎኑ በሳቅ ሲናጋ አንገቷን ቀና አድርጋ «ምን አለች? ምን አለች?» ትላለች። አንዷ ትደግምላታለች። የተደገመ ቀልድ ግን አያስቅም። አንድ እሁድ ከሰሉ አለቀና አክስቶቼን በሻይ ተቀበልን። ሻዩን ቀደም ብለን አፍልተን በሁለት ፔርሙዝ ሞልተነው ነበር። እናቴ ሶፋው ላይ፣ ከታላቅ እህቷ አጠገብ፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን አጣጥፋ እስኪመሽ ተቀመጠች። ያን ቀን «ምን አለች?» አላለችም። ቤታችን ውስጥ የሻይ ግብዣ የተጀመረው እንደዚያ ነው።

ትልቁ እንቅፋት ይሉኝታ ነው። «ሰው ጠርቼ እንዴት በሻይ ብቻ እሸኛለሁ?» ይላል ሰው፣ ከዚያ ዶሮ ወጥ ይጀምራል፣ ከዚያ ወጪው ይከብደዋል፣ ከዚያ ግብዣው ለፋሲካ ይተላለፋል። መፍትሔው ሲጋብዙ በግልጽ መናገር ነው። «ቅዳሜ 9 ሰዓት ሻይ ጠጡ ኑ፣ ምሳ በልታችሁ ኑ» በሉ። ማንም አይቀየምም። እንዲያውም ተጋባዡም ይቀለዋል፣ ምን ይዤ ልሂድ ብሎ አይጨነቅም። ከምሳ ትንሽ መራቁ ለጤናም ደግ ነው። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከምስርና ከጤፍ የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። በተለይ ደም ማነስ ያለበት ሰው ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢጠጣ ይሻለዋል። 9 ሰዓት ያልኩት ለዚህም ነው።

ስንት ሰው ይጠራ? ከ6 እስከ 8። ከዚያ ሲበልጥ ጨዋታው ለሁለት ይከፈላል፣ ጥግ ያለው ሰው ጥግ ይቀራል።

አሁን ወደ ሻዩ። የሀገራችን ሻይ ጥሩ ነው። ጉመሮ ከጎሬ አጠገብ፣ ውሽውሽ ከቦንጋ አጠገብ ይበቅላል። የቡና መገኛ የምንለው ከፋ ሻይም ያበቅላል ማለት ነው። ፓኬቱን ስትከፍቱ የምታገኙት ደቃቅ ጥቁር ፍሬ የሚመስል ነገር ነው። ደቃቅ ስለሆነ ቶሎ ይለቃል፣ ቶሎም ይመራል። ይሄን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ። ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ ክዳኑ ጥብቅ በሚል ቆርቆሮ ውስጥ ገልብጡትና ከበርበሬና ከሽሮ ርቆ ይቀመጥ። የሻይ ቅጠል ሽታ ይስባል። የበርበሬ ሽታ የያዘ ሻይ ደግሞ በምንም ቅመም አይድንም። ባለ ክሩን ሻይ ለቢሮ ተዉት። ለ8 ሰው በየብርጭቆው ክር እያንጠለጠሉ መዞር ግብዣ አይመስልም።

ለ8 ሰው 2 ሊትር ተኩል ውሃ ይበቃል፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ብርጭቆ ይደርሳል። ቅመሙ ጣት የሚያህል ቀረፋ ሁለት፣ ቅርንፉድ ስምንት ፍሬ፣ ሄል አስር ፍሬ። ቅርንፉድ ላይ እጃችሁ አይፍታ። ትንሽ ከበዛ ሌላውን ሁሉ ይውጠውና ሻዩ የጥርስ መድኃኒት ይሸታል። ሄሉን በሙቀጫ አንዴ ብቻ ሰንጠቅ አድርጉት፣ ዱቄት አታድርጉት፤ ዱቄቱ በማጥለያ ያልፍና ሻዩን ያደፈርሰዋል። ቀረፋውን በእጅ ሰብሩት። ዝንጅብል የምትወዱ አውራ ጣት የሚያህል ልጣችሁ ቀጥቅጡ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ዋናው። ቅመሙንና የሻይ ቅጠሉን አንድ ላይ አትጣዱ። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ቀረፋ እንጨት ነው፣ ጣዕሙን ለመስጠት ጊዜ ይፈልጋል። የሻይ ቅጠል ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ያለውን ሰጥቶ ይጨርሳል፣ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው ምሬቱን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስታፈሉ ወይ ቀረፋው ጥሬ ይቀራል ወይ ሻዩ ይመራል። ስለዚህ መጀመሪያ ቅመሙን ብቻ በውሃው ጣዱ። ሲፈላ እሳቱን ቀንሱና ክዳኑን ገጥማችሁ ለ15 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። ክዳኑን እየከፈታችሁ አትሽትቱ። ኩሽናውን የሞላው ያ ደስ የሚል ሽታ ከሻዩ የወጣ ነው፣ ብርጭቆው ውስጥ አታገኙትም።

15 ደቂቃው ሲሞላ እሳቱን ከፍ አድርጉ፣ አንዴ ገንፈል ሲል አጥፉት፣ ወዲያው ከ7 እስከ 8 የሻይ ማንኪያ ቅጠል ጨምራችሁ ክደኑት። 4 ደቂቃ። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ሙሉ፣ በግምት አትሂዱ። ከዚያ በማጥለያ ወደ ፔርሙዙ ይገልበጥ። ቅጠሉ ፔርሙዝ ውስጥ መግባት የለበትም፣ ከገባ እዚያም ሆኖ መልቀቁን አያቆምም። ፔርሙዙን አስቀድማችሁ በፈላ ውሃ አሙቁት። ደግሞም የሻይ ፔርሙዝ ለሻይ ብቻ ይሁን። ቡና የገባበት ፔርሙዝ ቢታጠብም ሽታውን ይዞ ይቀራል።

ልክ መሆኑን እንዲህ እወቁ። ጥቂቱን በጠራ ብርጭቆ ቅዱና ወደ መስኮቱ አንሡት። ከብርጭቆው ኋላ ጣታችሁን አድርጉ። ሻዩ ቀይ ሆኖ ጣታችሁ እንደ ጥላ ከታያችሁ ጥሩ ነው። ጣታችሁ ከጠፋ ወፍሯል፣ ትንሽ የፈላ ውሃ ጨምሩበት።

አዲስ አበባ ለምትኖሩና ውጭ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ በየአገሩ በአንድ ሙቀት አይፈላም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃዋ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ላይ ግን 100 ይደርሳል። ስለዚህ የእናታችሁን አፈላል ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያ ሻዩ ቢመራችሁ ጥፋቱ የቅጠሉ ላይሆን ይችላል። እዚያ 3 ደቂቃ ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ 4፣ ቢበዛ 5። ቅጠሉ ለብ ባለ ውሃ ላይ እንዳይገባ ደግሞ በተለይ እኛ ደጋዎቹ እንጠንቀቅ፣ ከመነሻውም ሙቀታችን ትንሽ ነው።

ይሄን ሁሉ የምለው ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው። አንድ ጊዜ ለ12 ሰው ቅመሙንም ቅጠሉንም በትልቅ ድስት አንድ ላይ ጣድኩና እንግዶቹ እስኪሰበሰቡ በዝቅተኛ እሳት ላይ አቆየሁት። አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ማንም ምንም አላለኝም፣ የሰው ጨዋነት እኮ ከባድ ነው። ግን ስኳሩ በአንድ ዙር አለቀ። ሁሉም አራት አራት ማንኪያ እየጨመረ ነበር። አንዲት የሰፈራችን ትልቅ ሰው ሲወጡ እጄን ይዘው ወደ ጎን ሳቡኝና «ልጄ፣ ሻይ ላይ ቆመህ ጠብቀው እንጂ ትተኸው አትሂድ» አሉኝ። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ስኳር ማንቆርቆሪያው ውስጥ አይጨመር። አንዱ ስኳር በሽታ አለበት፣ ሌላዋ ትታዋለች፣ ሦስተኛው ሦስት ማንኪያ ካልገባ ሻይ አይመስለውም። ለብቻው በዕቃ ይቅረብ፣ ሁሉም በራሱ እጅ ይጨምር። አጠገቡ ማር ብታደርጉም ደስ ይላል። ሎሚ ቁረጡና በትንሽ ሳህን አድርጉ፤ ሎሚ ሲነካው ሻዩ ቀለሙ ፈካ ይላል፣ ልጆች ይሄን ማየት ይወዳሉ። ለልጆች ስትቀዱ ግን ግማሹን ውሃ አድርጉት። ወተት ለሚፈልግ ወተቱ ለብቻው ይሙቅና በትንሽ ማንቆርቆሪያ ይቅረብ። ወተትና ሎሚ አንድ ብርጭቆ ውስጥ አይገናኙ፣ ይቆረፍዳል። ጥሬ ዝንጅብልም ወተትን ይቆርጠዋል፤ ከውሃው ጋር በደንብ ከፈላ ግን ችግር የለውም።

ከሻዩ ጋር ምን ይቀርባል? እዚህ ላይ አትጨናነቁ። ሁለት ዓይነት ነገር ይበቃል፣ አንዱ ጨው ያለው፣ አንዱ ጣፋጭ። እኔ የምወደው ትኩስ አምባሻና ዳቦ ቆሎ ነው። የምስር ሳምቡሳም ከቅመም ሻይ ጋር በጣም ይሄዳል፣ በተለይ ቃሪያው ነካ ሲያደርግና ሻዩ ተከትሎ ሲገባ። ጣፋጩ ብስኩት ወይም ቦምቦሊኖ ይሁን። ድሬዳዋ ወይም ሐረር ዘመድ ያላችሁ ሙሸበክና ሐላዋ አስልኩ፣ ከዚያ በኋላ ሻዩ ስኳር አይፈልግም። ቀኑን ግን አስቡ። ረቡዕ ወይም አርብ ከሆነ፣ ወይም ዐቢይ ጾም ከገባ፣ ብስኩቱ ውስጥ ወተትና ቅቤ አለመኖሩን ፓኬቱ ላይ አንብቡ። ጾመኛ ሰው ቤታችሁ መጥቶ «ይሄ የጾም ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ እጁን ሲዘረጋ፣ ቀድማችሁ እንዳሰባችሁለት ይገባዋል። በረመዳን ከሆነ ደግሞ ግብዣው ከኢፍጣር በኋላ ይሁን።

አቀማመጡ ክብ ይሁን። ወንበር ካነሰ ዱካ አምጡ፣ ምንጣፍ አንጥፉ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ድምፁ ብቻ ሳይሆን ምስሉም፤ ክፍት ከሆነ ዓይን ይወስዳል። ብርጭቆ ከሲኒ ይሻላል ባይ ነኝ፣ የሻይ ግማሽ ደስታው ቀለሙን ማየት ነው። ብርጭቆ ግን ጆሮ የለውምና እስከ አፉ አትሙሉት፣ ከላይ አንድ ጣት የሚያህል ተዉለት፣ እንግዳችሁ የሚይዝበት ቦታ ያግኝ። መጀመሪያ ለትልቅ ሰው ይቀዳ። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ለጉርሻ ነው፣ ሻይ ላይ ሰው አታስጨንቁ። ፔርሙዙን መሃል አስቀምጡትና ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ሰው ለጎረቤቱ ይቅዳ። እኔ የሻይ ግብዣ ላይ ከሁሉ በላይ የምወደው ይሄን ነው። ለዓመት የተኮራረፉ ሁለት ዘመዳሞች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው፣ አንዱ ምንም ሳይናገር የሌላውን ባዶ ብርጭቆ ስቦ ሲሞላለት በዓይኔ አይቻለሁ። ስኳሩን ራሱ ጨመረለት፣ ሁለት ማንኪያ። ስንት እንደሚጨምር አልረሳም ነበር።

ጨዋታው ወደ ምሽት ከዞረ ቅጠሉን ተዉትና ጦስኝ አፍሉ። ጦስኝ መንተክተክ አይፈልግም። አንድ እፍኝ ማንቆርቆሪያ ውስጥ አድርጋችሁ የፈላ ውሃ አፍሱበት፣ ክደኑት፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይቀዳ። እንቅልፍ አይነሳም። ናና ወይም ጠጅ ሳርም እንደዚሁ ይሆናል። የሐረሩን ቁጢ፣ ማለትም ከቡና ቅጠል የሚፈላውን፣ ካገኛችሁ አንድ ቀን ለብቻው ሞክሩት፤ ቡናም ሻይም ያልሆነ፣ ጭስ ጭስ የሚል የራሱ ጣዕም አለው።

ሰው ሲሄድ ብርጭቆዎቹን ወዲያው አለቅልቁ፣ ካደረ የሻይ ቀለም ይይዛል። የተጠለለውን ቅጠል አቀዝቅዛችሁ አበባው ሥር ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት። ፔርሙዙን በሙቅ ውሃ ሁለቴ እጠቡትና ክዳኑን ሳትገጥሙ ገልብጣችሁ አሳድሩት። ታፍኖ ካደረ የሚቀጥለው ቅዳሜ ሻይ ይሸታል።