ስለ መጥፎ ፊልሞች በአግባቡ መከራከር

ከሁሉ የከፋው ፊልም የትኛው ነው የሚለው ክርክር ፈር የሚይዘው ተከራካሪዎቹ አስቀድመው በመመዘኛው ሲስማሙ ነው። በገበያ መክሰር፣ በአሠራር መውደቅና ተመልካችን ማሰልቸት የተለያዩ ጉድለቶች በመሆናቸው አንዱን ለሌላው ማስረጃ ማድረግ አይገባም። የዳይሬክተር ማይክል ቺሚኖ ፊልም «ሄቨንስ ጌት» እ.ኤ.አ. በ1980 ለእይታ ሲበቃ 44 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከ4 ሚሊዮን ያነሰ በማስገባቱ የውድቀት ምሳሌ ሆኖ ነበር፤ ዛሬ ግን እንደ ታላቅ ሥራ የሚቆጥሩት ሃያስያን ጥቂት አይደሉም።

ፊልሙን እስከ መጨረሻው ያላየ ሰው አይከራከር።

ነቀፋው ከተወሰነ ትዕይንት ጋር መያያዝ ይኖርበታል። የዳይሬክተር ኤድ ዉድን ፊልም «ፕላን ናይን ፍሮም አውተር ስፔስ» የሚተች ሰው በደፈናው «አይረባም» ከሚል ይልቅ፣ ተዋናዩ ቤላ ሉጎሲ እ.ኤ.አ. በ1956 ካረፈ በኋላ በእሱ ምትክ የገባው ሰው ፊቱን በካባ ሸፍኖ እንደሚታይ ቢጠቅስ ሐሳቡ ክብደት ያገኛል። ይሁንና ይህ ፊልም ያስቃል፤ የሚያስቅ ፊልም ደግሞ፣ ሠሪው ባያስበውም እንኳ፣ ለተመልካቹ አንድ ነገር ሰጥቷል። በእኔ ግምት የከፋ የሚለው ስም ይበልጥ የሚገባው ገንዘብም ባለሙያም ሳይጎድለው አሰልቺ ሆኖ ለቀረ ሥራ ነው። በጥቂት ገንዘብ የተሠራን የጀማሪ ፊልም ከእጩነት ማውጣት ግን ተገቢ ይመስለኛል።

ክርክሩ ካልተቋጨ እጩዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ፣ «ከእነዚህ የትኛውን በፈቃድዎ ደግመው ያዩታል?» ብሎ መጠየቅና ያልተመረጠውን ወደ ቀጣዩ ዙር ማሳለፍ ይቻላል።