የሜታል ኮንሰርት ሰምቶ እንዴት መከራከር ይቻላል

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሄቪ ሜታል (በኤሌክትሪክ ጊታርና በድራም የሚጮኸውን ከባድ ሮክ) የምንሰማ ብዙ አይደለንም፤ ስንገናኝ ግን ክርክሩ ይጦፋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው «የምወደውን ዘፈን ለምን አልተጫወቱትም?» በሚለው ነው። ያሳዝነኛል፤ የቀረውን ስንቆጥር የተሰጠንን ሳንሰማ እናመሻለን። ኮንሰርት የሚመዘነው በዘፈኖቹ ቅደም ተከተልና በዚያ ምሽት በተጫወቱበት አኳኋን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሙሉውን ቅጂ ፈልጉ። በቴሌግራም የሚዞረው ቁራጭ ከፊቱ ምን እንደነበረ አያሳይም። የት እንደተቀዳም እዩ። የእንግሊዙ ሜታል ባንድ የአይረን ሜይደን የኮንሰርት አልበም «ላይቭ አፍተር ዴዝ» (1985 እ.ኤ.አ.) አብዛኛው ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ላይ የተቀዳ ነው፤ የድርብ ሸክላው የመጨረሻ ገጽ ግን ከለንደኑ ሃመርስሚዝ ኦዲዮን የመጣ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የሁለት ከተማን ሥራ እንደ አንድ ምሽት ቆጥሮ ይፈርዳል።

ከዚያ ደብተር ያዙ። ከእያንዳንዱ ዘፈን ጎን አልበሙንና ዓመቱን ጻፉ፤ ባንዱ አዲስ ሥራውን ምን ያህል እንዳመነበት ወዲያው ይታያችኋል። በ2006 እ.ኤ.አ. አይረን ሜይደን በዚያው ዓመት ያወጣውን አልበም አሥሩንም ዘፈን በተርታ ተጫውቶ፣ የድሮዎቹን ጥቂቶች ወደ መጨረሻ ገፋቸው። ቅር ያለው ደጋፊ ነበር። እኔ ከባንዱ ጎን ነኝ፤ በአዲስ ሥራው የማያፍር ባንድ ነው የሚከበረው።

ቅደም ተከተሉ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የእኛ አገር አዝማሪ ሰርግ ቤት እንደገባ ፉከራ አይጀምርም፤ ቤቱን አይቶ ቀስ እያለ ያሞቃል። የሜታል ባንድ አብዛኛውን ጊዜ በፈጣኑ ይከፍትና በኋላ ያበርዳል። እንግዲህ የት ላይ እንዳበረደ ፈልጉ፤ ዝግታው የመጣው ሕዝቡ ሳይደክም ነው ወይስ ከደከመ በኋላ?

ፍጥነቱን በግምት አታውሩ። የስልካችሁን ሰዓት ከፍታችሁ በ15 ሰከንድ ውስጥ የድራሙን ምት ቁጠሩ፣ በ4 አባዙ፣ ከስቱዲዮው ቅጂ ጋር አስተያዩ። ቅኝቱንም ስሙ። የአሜሪካው ባንድ ሜታሊካ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ መድረክ ላይ ጊታሩን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይቃኛል፤ የድሮው ዘፈን ከበድ ብሎ የሚሰማው አንድም በዚህ ነው።

የዘፋኙን ዕድሜና ጤና ሳታዩ አትፍረዱ። የእንግሊዙ ባንድ ብላክ ሳባዝ ሐምሌ 5 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. በትውልድ ከተማቸው በርሚንግሃም፣ ቪላ ፓርክ፣ ሲሰናበቱ የተጫወቱት አራት ዘፈን ብቻ ነበር። የፓርኪንሰን ሕመም የያዘው ዘፋኛቸው ኦዚ ኦዝቦርን ዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ፤ ከ17 ቀን በኋላ አረፈ። «አራት ብቻ?» የሚል ሰው መጀመሪያ ከአራቱ አንዱን፣ «ዋር ፒግስ»ን፣ ይክፈትና ሕዝቡ ዘፈኑን እንዴት እንደተሸከመለት ይስማ።

ስትከራከሩ አንድ ሕግ ይኑራችሁ፦ «ወርደዋል» ያለ ሰው «ስንተኛው ደቂቃ ላይ?» ተብሎ ይጠየቅ። ደቂቃውን ከጠራ ሁላችሁም እዚያው ቦታ ላይ መልሳችሁ ስሙት፤ ካልጠራ ተራው ለሌላው ይለፍ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስፒከሩን ቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉት።