የአምናው ቅርንጫፍና የዘንድሮው ቀንበጥ፦ አበባ የሚያስቀሩ ስህተቶች

ለውበት የተተከለ ቁጥቋጦ ሳያብብ ሲቀር ምክንያቱን የምንፈልገው በዚያው ሰሞን ነው፤ ውኃ አንሶት ይሆን? ተባይ ገብቶበት ይሆን? አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የተፈጸመው ከወራት በፊት፣ ተክሉን የተንከባከብነው በመሰለን ቀን ነው። እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው፤ አበባውን የሚያስቀረው ችላ ያለው ሰው ብቻ ሳይሆን ያለ ጊዜው የደከመውም ጭምር ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ያለውን ቁጥቋጦ ሁሉ በአንድ ቀን መግረዝ ነው። ሊላክ፣ ፎርሲቲያና አዛሊያ የሚያብቡት አምና ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ነው። አበባቸው ከረገፈ በኋላ ባሉት የሙቀት ወራት የሚቀጥለውን ዓመት እምቡጥ ይቋጥራሉ፤ እምቡጡ ብርዱን ተኝቶ ያሳልፍና አየሩ ሲሞቅ ይፈካል። እንግዲህ ብርዱ ሊያልቅ ሲል ቅጠል አልባውን ሊላክ የሚከረክም ሰው የዓመቱን አበባ ቆርጦ ጣለ ማለት ነው። እነዚህ መገረዝ ያለባቸው አበባቸው እንደረገፈ፣ አዲሱ እምቡጥ ሳይቋጠር ነው። ቡድሊያ ግን ዘንድሮ በሚያወጣው ቀንበጥ ላይ ስለሚያብብ፣ በብርዱ ማብቂያ ጠበቅ አድርገው ቢገርዙት ይበልጥ ያምርበታል።

ሃይድራንጃ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በአንድ ስም የሚጠሩት ዝርያዎች ጠባያቸው ለየቅል ነውና። ሰፋፊ ቅጠል ያለውና ሰማያዊ ወይም ሮዝ የሚያብበው በአብዛኛው የአምናውን ቅርንጫፍ ይፈልጋል። የአበባው ዘለላ ወደ ጫፉ እየሾጠጠ የሚሄደው ደግሞ የዘንድሮውን ቀንበጥ። የያዙት የትኛው እንደሆነ ካልለዩ አንድ ዓመት ሳይነኩት ይመልከቱት። አንድ ዓመት ሳይገረዝ የቀረ ቁጥቋጦ ምንም አይሆንም፤ ያለ ጊዜው የተገረዘው ግን አበባውን ያጣል።

ሁለተኛው ስህተት የሌሊት መብራት ነው። ፖይንሴቲያ ቀይ የሚለብሰው ሌሊቱ ሲረዝም ነው፤ ለ8 እስከ 10 ሳምንት ያህል በየሌሊቱ ወደ 14 ሰዓት የሚጠጋ ያልተቋረጠ ጨለማ ይሻል። በረንዳ ላይ እስኪነጋ በሚበራ አምፖል ሥር ተተክሎ አረንጓዴ ሆኖ ቢቀር ማዳበሪያ አይፈውሰውም። አምፖሉን ማጥፋት ወይም ተክሉን ማዛወር ነው መፍትሔው።

ውኃን በተመለከተ አንድ ደንብ ለሁሉም ማውጣት አይቻልም። ቡገንቪሊያ ሥሩ ዘወትር ከራሰ ቅጠል በቅጠል ሆኖ ይቀራል፤ በሚገባ ጠጥቶ አፈሩ ደረቅ ሲልለት ግን ያሸበርቃል። (ያ ደማቅ ቀለም የልዩ ቅጠሎቹ ነው፤ እውነተኛው አበባ በመካከላቸው ያለው ትንሽ ነጭ ቱቦ ነው።) ካሜሊያ ተቃራኒው ነው። በሙቀቱ ማብቂያ ላይ እምቡጥ ሲቋጥር ከተጠማ፣ እምቡጡ ከወራት በኋላ ሳይከፈት ይረግፋል፤ ያን ጊዜ ውኃ ቢያጠጡት ምን ዋጋ አለው?

ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠሉን ያወፍራል እንጂ አበባ አያመጣም። ውርጭ ባለበት አገር ደግሞ ብርዱ ሲቃረብ ከተሰጠ ያልጠነከረ ለጋ ቀንበጥ ያስወጣል፤ ውርጩም ያንን ያቃጥለዋል።

የሌላ አገር የወራት ሰንጠረዥ እንዳለ መከተልም ያሳስታል። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜንና በስተ ደቡብ ያሉ ወቅቶች በስድስት ወር ይራራቃሉ። በምድር ወገብ አካባቢ የቀኑ ርዝመት እምብዛም ስለማይለወጥ፣ በብዙ ቦታ የተክሉን እድገት የሚመራው ዝናቡ ነው። ስለዚህ የወሩን ስም ትተው «አበባው እንደረገፈ»፣ «ቅጠሉ ሳይወጣ» የሚለውን ይያዙ። ሊላክን የመሰለው ተክል ደግሞ በቂ ብርድ ካላገኘ በደንብ አያብብም፤ ብርድ በማያውቅ ቦታ እሱን ከመትከል ሂቢስከስን መምረጥ ይሻላል።

የመጨረሻው ስህተት ችኮላ ነው። «በሁለት ዓመት አላበበም» ተብሎ ተነቅሎ የተጣለ ወይም ቦታ የተቀየረለት ሊላክ ስንት ነው! አዲስ የተተከለ ሊላክ በደንብ እስኪያብብ 3 ወይም 4 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስድበታል። ቦታውን በቀየሩለት ቁጥር ደግሞ ሥሩን እንደገና መዘርጋት ይኖርበታል።