በቪየና ሥዕሉንም ሙዚቃውንም ሳይሰለቹ

ቪየና ውስጥ እንግዳን የሚጥለው የሙዚየሙ ብዛት ነው። ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት በኋላ ሌላውን፣ ማታ ደግሞ ኦፔራ ብሎ ፕሮግራም የያዘ ሰው በሦስተኛው ቀን የወርቅ ክፈፍ ማየት ያንገሸግሸዋል፤ ኦፔራው መሃል ላይም ያንቀላፋል። እኛ የምንመክረው ጠዋት አንድ ሙዚየም፣ ማታ አንድ ሙዚቃ፣ በመሃሉ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ባዶ ጊዜ ነው። ከሰዓት በኋላ ሆቴል ሄዶ ጋደም ማለት እንደ ስንፍና አይቆጠር፤ ማታ ለመቆም የሚችል እግር የሚገኘው ከዚያ ነው።

ቀንና ሰዓት

ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት በ24 አቆጣጠር ነው፤ 19፡00 ሲል በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። «10፡00» የሚለውን በሐበሻ ሰዓት አንብቦ ከቀትር በኋላ ብቅ የሚል ሰው አይጠፋም። እዚህም ሰዓቱን ቲኬቱ ላይ እንደሚገኘው አስቀምጠነዋል፤ ዓመታቱም እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ወር መምረጥ ከቻሉ ከሴፕቴምበር እስከ ጁን ባለው ጊዜ ይሂዱ። የመንግሥት ኦፔራ ቤቱ ጁላይና ኦገስት ትርኢት የለውም፤ የቪየና ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራም በዚያ ወቅት ዛልስቡርግ ፌስቲቫል ላይ ነው። በእነዚህ ሁለት ወራት ከተማው ውስጥ የሚበዛው ለቱሪስት ተብሎ የሚዘጋጅ ኮንሰርት ነው።

ቀኑን ሲደለድሉ ሰኞን ይጠንቀቁ። ትልቁ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ኩንስትሂስቶሪሸስ፣ ከበጋቸው ወራት ውጭ ሰኞ ዝግ ነው፤ ሴሴሽን የሚባለው የሥነ ጥበብ ትርኢት ቤትም እንደዚያው። የኦስትሪያዊውን ሠዓሊ የኤጎን ሺለን ሥራዎች ከማንም በላይ የያዘው ሌኦፖልድ ሙዚየም ደግሞ በአብዛኛው ዓመት ማክሰኞ ይዘጋል። የላይኛው ቤልቬዴር ሙዚየም ሰባቱንም ቀን ክፍት ስለሆነ ሰኞን ለእሱ ይተውለት። ኩንስትሂስቶሪሸስ ሐሙስ እስከ 21፡00 ያመሻል፤ ማታ ሙዚቃ ያልያዙበት ሐሙስ ካለ ከ18፡00 በኋላ መግባት ጥሩ ነው፣ የአስጎብኚ ቡድኖች ወጥተው ያልቃሉ። በፌዴራል መንግሥቱ ሙዚየሞች ከ19 ዓመት በታች ያለ ሰው በነፃ ይገባል፤ ዕድሜ የሚያሳይ መታወቂያ ወይም የፓስፖርት ኮፒ ይያዙ።

ኩንስትሂስቶሪሸስ፦ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ መውጣት

በ1891 የተከፈተ ነው፤ አደባባዩን ተሻግሮ ፊት ለፊት ያለው መንታ ሕንፃ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ስለሆነ በር አይሳሳቱ። ቲኬቱን ኦንላይን ቀድመው ገዝተው 10፡00 ላይ በሩ ጋ ይገኙ። ካፖርትና የጀርባ ቦርሳ ልብስ ማስቀመጫ ይሰጣል።

በዋናው ደረጃ ሲወጡ አይሮጡ። መጀመሪያ የካኖቫ ቴሴዎስ በእምነ በረድ ተቀርጾ ግማሽ ሰው ግማሽ ፈረሱን ሲቀጠቅጥ ያገኙታል። እዚያው ቆመው ወደ ላይ ያንጋጡ፤ በዓምዶቹና በቅስቶቹ መሃል ያሉትን ትንንሽ ባዶ ቦታዎች የሞሉት ሥዕሎች ውስጥ የኦስትሪያዊው ሠዓሊ የጉስታፍ ክሊምት እጅ አለበት። ከመታወቁ በፊት፣ በ1890 እና 1891፣ ከወንድሙ ከኤርንስትና ከጓደኛቸው ከፍራንትስ ማች ጋር የሠሩት ነው። ከፍታው ከ10 ሜትር በላይ ስለሆነ በዓይን ብቻ አይጠገብም፤ የስልክ ካሜራን አቅርቦ ማየት ወይም ትንሽ የሩቅ ማያ መነጽር (ባይኖኩላር) መያዝ ይጠቅማል። ያው መነጽር ማታ ለኦፔራውም ይሆናል።

ላይኛው ፎቅ ላይ አንዱ ክንፍ የጣሊያን፣ የስፔንና የፈረንሳይ፣ ሌላው የፍላንደርስ፣ የሆላንድና የጀርመን ሥዕሎች ነው። ትልልቆቹ አዳራሾች በሮማን ቁጥር፣ ከጎናቸው ያሉት ትናንሽ ክፍሎች በተለመደው ቁጥር ተለይተዋል። ብዙ ሰው አዳራሹን ብቻ እየተከተለ ሄዶ ትናንሾቹን ሳያያቸው ይወጣል፤ ወንበሩም ጸጥታውም የሚገኘው ግን እነሱ ጋ ነው።

ጠዋቱን ለፍላንደርሱ ሠዓሊ ለፒተር ብሩጌል አዳራሽ ይስጡት። በዓለም ላይ ከቀሩት 40 ገደማ ሥዕሎቹ 12ቱ እዚህ ናቸው፤ ኦስትሪያን ይገዙ የነበሩት የሃብስቡርግ መሳፍንት እርሱ ከሞተ በኋላ በጉጉት ስለሰበሰቡት ነው። «አዳኞች በበረዶ ላይ» (1565) ፊት መጀመሪያ ሦስት ሜትር ርቀው ይቁሙ። ዓይንዎ ከግራ ካሉት አዳኞች ተነሥቶ በዛፎቹ ግንድ እየተመራ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ሠዓሊው እንዲህ አድርጎ ነው መንገዱን ያበጀው። አሁን ጠጋ ይበሉ። ሦስቱ አዳኞች የያዙት አንዲት ቀበሮ ብቻ ነው፤ ውሾቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። በስተግራ ያለው የመጠጥ ቤት ምልክት ከአንድ መንጠቆው ተነቅሎ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ሰዎች እሳት አንድደዋል። ታች በረዶ የሆነው ኩሬ ላይ ይንሸራተታሉ፣ አንዲት ሴት ጭራሮ ተሸክማ ድልድይ ትሻገራለች፣ ራቅ ብሎ ደግሞ የአንድ ቤት ጭስ መውጫ ተቃጥሎ ሰዎች መሰላል ይዘው ይራወጣሉ። ይህን ሁሉ ለማግኘት አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ በግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያንብቡ። ቀድመው ካነበቡት ዓይን የሚፈልገው የተነገረውን ብቻ ይሆናል።

ሥዕሉ ለአንድ የአንትወርፕ ነጋዴ የዓመቱን ወቅቶች እንዲያሳዩ ከተሠሩት ስድስት አንዱ ነው። አምስቱ ተርፈዋል፣ ሦስቱ እዚሁ አዳራሽ አሉ፤ «የጨለመው ቀን»ንና «የከብቶች መመለስ»ን ጎን ለጎን አይተው የሰማዩን ቀለም ያነጻጽሩ። «የባቤል ግንብ»ን (1563) ሲያዩ ደግሞ ሕንፃው ማዘመሙን ልብ ይበሉ።

ከዚህ በኋላ የሚቀርዎት ጉልበት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሌላው ክንፍ የስፔናዊውን ሠዓሊ የቬላስኬስን ልዕልት ማርጋሪታ ይፈልጉ። ያቺው ልጅ በሮዝ፣ በነጭና በሰማያዊ ቀሚስ በተለያየ ዕድሜዋ ተሥላለች። ለቪየናው ንጉሠ ነገሥት ለሊዮፖልድ ቀዳማዊ፣ ለገዛ አጎቷ፣ ታጭታ ስለነበር እንዴት እንዳደገች እንዲያይ ከማድሪድ የሚላክለት ሥዕል ነበር። ወደ ሰማያዊው ቀሚስ አንድ ሜትር ሲቀርቡ ጨርቁ ይጠፋና የተጣደፈ ብሩሽ ብቻ ይቀራል፤ ሦስት እርምጃ ወደኋላ ሲሉ ሐሩ ተመልሶ ይመጣል። አብረዋችሁ ያሉ ልጆች ይህን ወደፊትና ወደኋላ መሄድ ይወዱታል።

12፡30 ላይ ይውጡ። ምድር ቤት ያለው የግብፅ ስብስብ ይጠራዎታል፤ በደከመ እግር ከገቡበት ግን አንዱን ከአንዱ አይለዩትም።

ክሊምትና የዱሬር ጥንቸል

የክሊምት «መሳም» (1907–1908) የላይኛው ቤልቬዴር ውስጥ ነው። ቲኬቱ የመግቢያ ሰዓት ስላለው የመጀመሪያውን ወይም የመጨረሻውን ይያዙ፤ ቀትር ላይ ሥዕሉ ፊት ያለው ሕዝብ ስልክ ወደ ላይ ዘርግቶ ነው የሚቆመው። ሸራው 180 በ180 ሴንቲሜትር ነው፤ ወርቁም እውነተኛ ቅጠለ ወርቅ ስለሆነ ቀጥታ ፊት ለፊት ከመቆም ይልቅ ቀስ ብለው ከግራ ወደ ቀኝ ይራመዱ፣ ብርሃኑ አብሮዎት ይሄዳል። ፎቶ ላይ የማይታየው ይህ ነው።

አልበርቲና ሙዚየም የሚሄዱት የአልብሬክት ዱሬርን «ጥንቸል» (1502) ለማየት ብቻ ከሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። የወረቀት ሥራ ብርሃን ስለሚጎዳው ዋናው የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው፤ በሌላው ጊዜ የሚያዩት ቅጂ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ይከፍላል።

ሥዕልና ሙዚቃ አንድ ላይ የሚገኙበት ቦታ ደግሞ ሴሴሽን ነው፤ አናቱ ላይ የወርቅ ቅጠል ኳስ ያለው ነጭ ሕንፃ። ምድር ቤቱ ውስጥ ክሊምት በ1902 ለቤትሆቨን መታሰቢያ ትርኢት የሣለው 34 ሜትር የሚረዝም የግድግዳ ሥዕል አለ። የዘጠነኛውን ሲምፎኒ አራተኛ ክፍል ስልክዎ ላይ ጭነው ማዳመጫ ይዘው ይግቡ፤ ወደ 25 ደቂቃ ይፈጃል፣ ሥዕሉንም ለማየት የሚበቃው ያን ያህል ነው። ከግራው ግድግዳ ይጀምሩ፣ ዝንጀሮ መሳዩ ግዙፍ ፍጥረት ያለበትን አጭሩን ግድግዳ አልፈው በቀኙ ይጨርሱ። በቀኙ ላይ ምንም ያልተሣለበት ባዶ ቦታ ሲያጋጥምዎ ተበላሽቶ አይምሰልዎት፤ በዚያ በኩል ማክስ ክሊንገር የተባለ ቀራፂ የሠራው የቤትሆቨን ሐውልት ይታይ ስለነበር ነው። ከባዶው ቀጥሎ የሚመጡት መላእክት ዘማሪዎች ናቸው።

ኦፔራን ቆሞ ማየት

የኦፔራ ቤቱ የወንበር ዋጋ ያስደነግጣል፤ የመቆሚያ ቲኬት ግን ከ20 ዩሮ በታች ነው፣ ቦታውም ከ400 በላይ ነው። ሲጠይቁ «ሽቴፕላትስ» ይበሉ። ሽያጩ የዕለት በዕለት ነው፤ በትርኢቱ ቀን 10፡00 ላይ ኦንላይን ይከፈታል፣ የተረፈው ደግሞ ትርኢቱ ሊጀመር 80 ደቂቃ ሲቀረው ማታ በቲኬት መሸጫው ይሸጣል። ስመ ጥር ዘፋኝ ባለበት ማታ ወረፋው ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በፊት ይጀምራል። ለአንድ ሰው አንድ ቲኬት ነው፤ ሌላውን ወክሎ መግዛት የለም።

መቆሚያው ሦስት ቦታ ነው። ምድር ላይ ያለው ፓርቴር ከመድረኩ ፊት ለፊት ስለሆነ ቀድሞ ያልቃል። ባልኮንና ጋለሪ ከላይ ናቸው፤ ድምፁ እዚያም ግሩም ነው፣ ጎን ላይ ከቆሙ ግን መድረኩ ይቆረጥብዎታል።

ገብተው መጀመሪያ የሚያደርጉት ቦታ መያዝ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ መደገፊያ ብረት አለው፤ ያገኙት ቦታ ላይ ሻርፕ ይሰሩበት። የታሰረ ሻርፕ ያለበትን ቦታ ማንም አይነካም፤ ነጠላም ቢሆን ያገለግላል፣ ቦርሳ ግን አይተዉ። ከዚያ ተረጋግተው ካፖርት ያስቀምጡ፣ ሽንት ቤት ይሂዱ፣ ውሃ ይጠጡ። መደገፊያው ላይ ያለችው ትንሽ ስክሪን ግጥሙን ተርጉማ ታሳያለች፤ አማርኛ የለም፣ እንግሊዝኛ አለ።

የመጀመሪያዎ ከሆነ ርዝመቱን አይተው ይምረጡ። የፑቺኒ «ላ ቦኤም» ከዕረፍቱ ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። የሪካርድ ሽትራውስ «ሳሎሜ» ሁለት ሰዓት አይሞላም፣ ነገር ግን ያለ ዕረፍት ነው። የቫግነር «ማይስተርዚንገር» ሙዚቃው ብቻ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ ቆሞ ለማየት የለመደ እግር ይጠይቃል። ታሪኩን ጠዋት በአንድ ገጽ ያንብቡት፤ መድረክ ላይ ማን ማንን እንደከዳ በስክሪኗ ብቻ መከታተል አድካሚ ነው። ቁምጣና ነጠላ ጫማ አድርገው አይሂዱ፤ ተረከዝ ያለው ጫማም አንድ ሰዓት ሳይሞላው ያስጨንቃል። በር ከተዘጋ በኋላ የደረሰ እስከ ዕረፍቱ አይገባም።

ወንበር የሚገዙ ከሆነ በጎን ሳጥኖቹ ውስጥ የፊተኛውን ብቻ ይግዙ። ሁለተኛና ሦስተኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ተነሥቶ አንገቱን ካላሰገገ መድረኩን አያይም።

ሙዚክፌራይንና ሌላው

ኦርኬስትራ ለመስማት ሙዚክፌራይን፣ በ1870 የተከፈተው ወርቃማው አዳራሽ አለ። ርዝመቱ 49፣ ስፋቱ 19፣ ከፍታው 18 ሜትር ገደማ ነው፤ እንዲህ ጠበብ ረዘም ስላለ ከጎን ግድግዳ የሚመለሰው ድምፅ ቶሎ ይደርሳል፣ ሐውልቶቹና ቅርጾቹም ይበትኑታል። ያ ሁሉ ወርቅ ለጌጥ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ከኋላ መቆሚያ አለ፤ ወለሉ ሜዳ ስለሆነ አጭር ሰው ከሰው ጀርባ በቀር ላያይ ይችላል፣ ድምፁ ግን አይጎድልበትም። ሲምፎኒ ብዙውን ጊዜ አራት ክፍል ነው፤ በየመሃሉ አይጨበጨብም። ቁጥሩ ከጠፋብዎ መሪው እጁን እስኪያወርድ ይጠብቁ።

በቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራልና በኦፔራ ቤቱ አካባቢ ነጭ ዊግና የሞዛርት ዘመን ልብስ ያደረጉ ሻጮች ያስቆሙዎታል። የሚሸጡት ኮንሰርት ታዋቂ ዜማዎችን እየቆራረጠ የሚያቀርብ ነው፤ ለልጆች አይከፋም፣ ፊልሃርሞኒክም ኦፔራ ቤቱም ግን አይደለም። የቱ አዳራሽ፣ የቱ ኦርኬስትራ፣ ምን ምን እንደሚጫወት ይጠይቁ፤ መልሱ ከተድበሰበሰ ይለፉ። ጥሩ ቢሆንም እንኳ መንገድ ላይ አይክፈሉ፣ ዋጋውን ኦንላይን ያነጻጽሩ።

እሑድ ከዋሉ 11፡00 ላይ አውጉስቲነር ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ፤ ከበጋቸው ወራት ውጭ የሞዛርትን፣ የሃይድንን ወይም የሹበርትን ቅዳሴ ሙሉ ኦርኬስትራና መዘምራን ያሰሙታል። ቲኬት የለውም፤ 10፡30 ላይ ካልደረሱ ወንበር አያገኙም። ድምፁ ከኋላ፣ ከሰገነቱ ነው የሚመጣው፤ ዞሮ ማየትና ፎቶ ማንሳት ያስነቅፋል፣ እውነተኛ ቅዳሴ ነውና። ለሙዚቃው ወጪ የሚሰበሰብ መዋጮ ስላለ ዝርዝር ዩሮ ይያዙ።

ሁሉም ቲኬት ካለቀ ደግሞ በኤፕሪል፣ በሜይ፣ በጁንና በሴፕቴምበር በብዙ ምሽቶች ትርኢቱ ከኦፔራ ቤቱ ጎን ባለው አደባባይ በትልቅ ስክሪን በቀጥታ ይታያል፣ በነፃ። ወንበሩ ውስን ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ፤ በሜይም ቢሆን ማታው ይበርዳል፣ ጃኬት ይያዙ።